የሀ መዝገብ

አባቴ በአለንጋ ያስቆጠሩኝ ፊደል
ሦስት ሀ ነበረው፤ አንዱ እንዳንዱ አይደል፦
ሃሌታው ሀ ይሉኛል፣ የሃሌ ሉያ መግቢያ፤
ሐመሩ ሐ ይሉኛል፣ ባሕር መሻገሪያ፤
ብዙኃኑ ኀ፣ የሕዝብ መሰብሰቢያ።
እኔ ግን በጆሮዬ ሦስቱን አንድ ሰማሁ፣
አንዱን ባንዱ ጽፌ ስንት ኩርኩም ቀመስሁ።

ዛሬ ሐረር ላይ ነኝ፣ የልደት መዝጋቢ፣
የሰው ስም በጣቴ ወደ ማሽን አስገቢ፤
ከታች መኪና ግርግር ሲንጣጣ ስፌቱ፣
ከላይ የኔ ጣቶች ቁልፍ ሲመቱ።
በመዝገቤ ውስጥ ሀ ትልቅ ሰፈር ነው፤
ደጁ አንድ መስሎ ጓዳው ሦስት የሆነው።

ሀዊ አለች፤ አባቷ የሐረማያ ሰው፣
ሐይቁ ደርቆ ሳለ ስሟን የጠራው፤
ምኞት ነው በኦሮምኛ። ውሃው ሲመለስ
ቀሚሷ አጥሮ ነበር ጉልበቷ ድረስ።

ሆዳን አለች፤ ሀብት ነው በሶማልኛ፤
እናቷ ልባሽ ጨርቅ ሻጭ፣ የዕቁብ ተረኛ፤
ዕጣው የወጣላት በወለደች ለት፣
ብሩን በእጇ ይዛ፣ ልጇን በደረት።

ሐመልማል የግዕዝ ቅጠል ናት፤ አባቷ ወታደር፣
ግንብ ሲጠብቅ ውሎ ግንብ ስር የሚያድር።
ሂባ ስጦታ ናት፣ ካፍ ጫፍ የምትወጣ፤
ሐናን ርኅራኄ፣ ከጉሮሮ የምትመጣ።

እኔም እዚያው ነኝ፤ ኅሩይ፣ "የተመረጠ" ማለት፤
መታወቂያዬ ላይ ግን፣ ማንም ሳይመርጥ ፊደላት፣
ህሩይ ብሎ ትቶኛል። ዝም አልሁ።
ስንቱን አንከራትቼ እኔስ ለማን አቤት እላለሁ?

ማሽን ዘመድ የለው፤
በሐመሩ የገባን በሃሌታው ሲጠሩት መልሱ "አልተገኘም" ነው።
አንዲት ሐሊማ አለች፣ ሦስት ወር የተመላለሰች፣
"ስሜ ታጋሽ ባይሆን መስኮትህን በሰበርሁ" ትለኛለች።

ማክሰኞ ጧት መጡ እማማ ዘይቱና፣
ጸጉራቸው በጉፍታ፣ ጣታቸው በሒና፤
ወረቀት ዘረጉ ከሕይወት ፋና፦
ሴት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ። በሰባት ወሯ የመጣች፣
በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እየሞቀች ያለች።

"ስሟስ?" አልኳቸው።
"ኸዲጃ። ካለጊዜዋ የደረሰች ነው ፍቺው፤
ሰው ለክብር ያወጣዋል፤ እኔ ለልኳ ነው።"

በሀ ጻፍሁ። አነበብሁ። "አይ!" አሉ። በሐ። "እሱም አይደል!
ጉሮሮህን ቧጥጠው ልጄ፤ የዓሣ አጥንት እንደ ሰነቀረህ በል።"
ልል ብዬ ሳል ያዘኝ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤
ፊቴ እንደ ተማሪ ፊት ሞቀ።

ለካ አባቴ የገረፉኝ ለሞተ ሕግ አልነበረም፤
በኔ አፍ ድምፁ ጠፋ እንጂ በእማማ ጉሮሮ አልሞተም።
"ኸ አለልህ አይደል እንዴ፣ ባርኔጣ የደፋው ከ?" አለ ከኋላ አንዱ፤
አለ። ግን እጄ ሄደ ወደ ጥንቱ መንገዱ፦
ለዚያች ለጭብጥ ታህል፣ እስትንፋሷን ለምትቆጥር፣
የብዙኃኑን ኀ ሰጠኋት፣ ሕዝብ የሚያህል ፊደል ከነክብር።

ኀዲጃ።
ፈልግ የሚለውን ነካሁ።
ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና፣
"በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም" አለ።
እማማ ደነገጡ፤ "ምን አለ?"

እውነቱን ነው እማማ፤
ገና አሁን መምጣቷ ነው።